ሁለት ባቡር በአንድ ሐዲድ

ይህ ጽሑፍ በድሬዳዋ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያደረግሁት ንግግር ነው። ከተቀዳው ላይ ብዙም አልነካሁም፤ የቬንቲላተሩን ጩኸት ብቻ ነው ያስቀረሁት።

እንደምን አመሻችሁ!

አልሰማሁም። ቲያትር የተማረች ሴት ፊት ሰላምታ እንዲህ በቀስታ አይመለስም። እንደምን አመሻችሁ? እሰይ! አሁን ሁላችሁም እንዳላችሁ አወቅሁ።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ ደንገጎን ወርዳችሁ ከሐረር የመጣችሁ እንግዶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እናንተ ወንበር አልቆባችሁ ግድግዳ ተደግፋችሁ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ስለ ወንበሩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ሙቀቱ ግን አልጠይቅም፤ ድሬዳዋ ተወልዶ በሙቀት የሚያማርር ሰው ሲገኝ መታወቂያውን ማየት ያስፈልጋል።

ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር የተዘጋጀሁት። በር ላይ ግን አንዲት እናት እጄን ያዙኝና፣ «ልጄ ቲያትር ካልተማርሁ ብላለች፤ አባቷ አካውንቲንግ ካልሆነ ብሏል፤ ቤቱ ከፋሲካ ጀምሮ ሰላም የለውም። አንቺ ሁለቱንም አንድ ላይ ተምረሻል አሉኝ። እውነት ነው ወይስ ወሬ ነው?» አሉኝ።

እውነት ነው፣ እናቴ። ቀን ቀን የቲያትር ጥበባት፣ ማታ ማታ አካውንቲንግ ተምሬአለሁ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኬድኋቸው ሦስት ዓመት ነው። ዛሬ ሁለት ዲግሪና አንድ የጨጓራ ሕመም አለኝ። (ሳቅ)

እንግዲህ የተዘጋጀሁበትን ወረቀት አጥፌ ለእኚህ እናት መልስ ልስጥ። ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ይቻላል ወይ? ሁለተኛ፣ እንዴት? ሦስተኛ፣ ምን ይጠቅማል? ሁለተኛው ላይ ትንሽ ትታገሡኛላችሁ፤ ሦስተኛው ላይ ሰዓት ከተረፈን እናያለን።

አንደኛው። ይቻላል ወይ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገር ሰው እጁን ያውጣ። አንድ ቋንቋ ብቻ! ... አያችሁ? አንድም እጅ የለም። እኔ ያደግሁት ከዚራ ነው። ከቤት በአማርኛ ተቆጥተውኝ እወጣለሁ፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ መጋላ ስገባ ከጓደኞቼ ጋር በኦሮምኛ እጫወታለሁ፤ ፈጢራ የሚሸጡልን ሴትዮ ሐረሪ ነበሩ፤ ቀፊራ ገበያ ደግሞ በሶማሊኛ ካልተከራከርሽ ዋጋ አይወርድልሽም። «ይህች ልጅ አራት ቋንቋ በአንዴ ስትማር ጭንቅላቷ ይዞራል፤ አንዱን ትምረጥ» ያለ ጎረቤት አላስታውስም። የዚህ ከተማ ልጅ ዓሊ ቢራ በኦሮምኛ ዘፈነ፣ በአማርኛ ዘፈነ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛ፣ በዓረብኛ ዘፈነ። እኛ አድማጮቹም አንዱን ምረጥልን አላልነውም። ታዲያ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ስንደርስ ነው ድንገት አንድ ነገር ብቻ የምንችል ሰዎች የምንሆነው?

ይቻላል። ነገር ግን «ይቻላል» ብዬ ከመድረክ ብወርድ ዋሽቻችኋለሁ፤ የወረቀቱን ነገርም ማወቅ አለባችሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የሚደርሳችሁ አንድ ቦታ ነው። ሁለተኛውን በማታ፣ በቅዳሜና እሑድ ወይም በርቀት ትማራላችሁ፤ ክፍያውም ከኪሳችሁ ነው። ቲያትሩን ማታ አገኘዋለሁ ብላችሁ አትቁጠሩ። መደበኛውን ለጥበቡ፣ የማታውን ለሌላው ማድረግ ይሻላል፤ ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ጥበባት ትምህርት ክፍል የተከፈተው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ከፍተዋል። ሙዚቃ የምትፈልጉ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትን ታውቃላችሁ። እዚያ በ12ኛ ክፍል ውጤት ብቻ አይገባም፤ ጆሯችሁንና ጣታችሁን ይፈትኗችኋል። ስለዚህ ክራር የምትጫወት ልጅ ካለች፣ ጣቷን የምታፍታታው ዛሬ እንጂ የፈተናው ዋዜማ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እኛ ያላየነው፣ እናንተ የምታዩት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው ከመቶ 50 ነው። ሁለት ዲግሪ ማለት ሁለት የመውጫ ፈተና ማለት ነው። ይህን ያልኩት ላስፈራራችሁ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ላስፈራራችሁም ነው።

ሁለተኛው። እንዴት?

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። የድሬዳዋ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ከተማዋ ራሷ በባቡር የተወለደች ናት። ሐዲዱ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው ግን ከ14 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ባቡሩም እንኳ እዚህ አረፍ ብሎ፣ ገንዘብ ፈልጎ፣ እንደገና ነው የተነሣው። ልጃችሁ በአራት ዓመት ካልጨረሰች የምትሉ ወላጆች ይህን ልብ በሉልኝ።

አባቴ አካውንቲንግ እንድማር ይፈልግ ነበር። ቲያትር መመዝገቤን ሲሰማ አልጮኸም፤ ዝም ነው ያለው፤ ዝምታው ከጩኸቱ ይከብዳል። አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ በ1993 ክረምት በባቡር ተመለስሁ። ያን ባቡር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ እየተንቀረፈፈ፣ ሜኤሶ ላይ ሎሚና እንቁላል በመስኮት እየገዛን፣ ጠዋት የደረቀ ፊት ይዘን እንወርዳለን። ቤት ገባሁና ቡና ላይ፣ «አባባ፣ አካውንቲንጉንም እማራለሁ፤ ማታ ማታ። ቲያትሩን ግን አልተውም» አልሁት።

ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አወጣ። ቀደደውና ነጩ ጀርባው ላይ በእርሳስ አንድ መስመር አሰመረ። «ይህ ሐዲድ ነው» አለኝ። «ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሐዲዱ ግን አንድ ነው። ከዚህ አንድ ባቡር ይመጣል። ከዚያ አንድ ባቡር ይመጣል። ምን ይሆናሉ?»

«ይጋጫሉ።»

«የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆነሽ? ተጋጭተው ያውቃሉ?»

ከመስመሩ ጎን አጠር ያለች ሌላ መስመር ጨመረ፤ ሁለቱን ጫፎቿን ከዋናው ጋር አገናኛቸው። «ይህች ጣቢያ ናት። አንደኛው እዚህ ይገባል፣ ይቆማል። ሌላው ያልፋል። ከዚያ የቆመው ይወጣል። ለዚህ ነው ጣቢያ የሚሠራው፤ ሰው ለማውረድ ብቻ መሰለሽ?» ቀጠለና ጠየቀኝ፤ «የትኛው ይቆማል?»

«ቀድሞ የደረሰው።»

«አይደለም። ዕቃ የጫነው ይቆማል፤ ሰው የጫነው ያልፋል። ሲሚንቶ ቢዘገይ አይራብም፣ አይጠማም።»

ያን የሲጋራ ፓኮ እስከ ዛሬ በክብር አስቀምጬዋለሁ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አላስቀመጥሁትም፤ ጠፍቷል። ነገሩም ያን ቀን አልገባኝም ነበር። «ተፈቀደልኝ» የሚለውን ብቻ ነው የሰማሁት።

አሁን በደንብ ስሙኝ። በአማርኛ «ጥናት አለኝ» ስንል ሁለት ነገር ማለት ነው። ለአካውንቲንግ ተማሪ ጥናት ማለት ደብተር ይዞ መቀመጥ ነው። ለቲያትር ሰው ጥናት ማለት ከሌሎች ተዋንያን ጋር መድረክ ላይ ቆሞ፣ ቃለ ተውኔቱን እያሉ፣ እየወደቁ እየተነሡ መለማመድ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ሁለቱ ጥናቶች ግን ፍጹም አይገናኙም። ደብተሩን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ብርድ ልብስ ውስጥ ማንበብ ይቻላል። የዛሬው ምዕራፍ ቢያመልጥሽ ነገ ሁለት ታነቢያለሽ። ደስ አይልም፣ ግን ይሆናል። የመድረኩን ጥናት ግን ማን ሌሊት ይሰበስብልሻል? ስምንት ሰው እየጠበቀሽ ነው። አንቺ ስትቀሪ ካንቺ ጋር የምትነጋገረው ልጅ ለባዶ ወንበር ነው የምታለቅሰው። ደግሞ ድምፅ አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ ጡንቻ አለ፤ እነዚህ በአንድ ሌሊት ንባብ አይሞሉም። የሁለት ሳምንት ጥናት ያመለጣት ተዋናይት ቃሉን በቃሏ ልትይዝ ትችላለች፤ እግሯ ግን የት እንደሚቆም አያውቅም፤ ተመልካች ደግሞ እግር ያያል።

ሰው የጫነው ባቡር እንግዲህ የትኛው ነው? ቲያትሩ ነው። ዕቃ የጫነው? አካውንቲንጉ። መደበኛውን ለጥበቡ ስጡ ያልኋችሁ ለዚህ ነው።

ይህን አሁን አሳምሬ እነግራችኋለሁ፤ ያኔ ግን በቀጥታ ነው የተጋጨሁት። እንዴት መሰላችሁ? በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱን ከሁለት ወገን ደበቅኋቸው። ለቲያትር ጓደኞቼ ማታ አካውንቲንግ እንደምማር አልነገርኋቸውም፤ «ልቧ እዚህ አይደለም» እንዳይሉኝ። የማታ ክፍል ጓደኞቼ ደግሞ ባንክ ቤት ሠራተኞች፣ የልጆች አባቶች ነበሩ፤ ቀን ቀን መድረክ ላይ እንደ ጅብ እንደምጮኽ ቢያውቁ ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ። አንድ ሴሚስተር መጨረሻ ላይ የቲያትሩ ማሳያና የማታው የማጠቃለያ ፈተና በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ዋሉ። ከ11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለቱም ይጀምራሉ። ይህን መቼ ያወቅሁ ይመስላችኋል? ከስድስት ሳምንት በፊት! ስድስት ሳምንት ሙሉ ሁለቱን ቀን በልቤ ይዤ ለማንም አልተነፈስሁም። አንዱ በተአምር ይሰረዛል ብዬ ጠበቅሁ።

አልተሰረዘም። መድረክ ላይ ወጣሁ፤ ፈተናው አለፈኝ። በማግሥቱ መምህሩ ዘንድ ሄጄ አለቀስሁ፤ ማልቀስ የተማርሁት ትምህርት ነው፤ ጥሩ አድርጌ ነው ያለቀስሁት። ሰውየው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ከሳምንት በፊት ብትነግሪኝ ከሌላው ክፍል ጋር አስፈትንሽ ነበር» አሉኝ። ኤፍ! ኮርሱን ከፍዬ ደገምሁት፤ የክፍያው ብር ከየት እንደመጣ ለአባቴ እስኪሞት አልነገርሁትም። ጥፋቱ የመምህሩም፣ የትምህርት ቤቱም አልነበረም። ጣቢያ እያለ ጣቢያ ውስጥ ያልገባሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም ተናገርሁ። ሴሚስተሩ ሲጀመር በአንድ ወረቀት ላይ የሁለቱንም ቀናት ጻፍሁና ለቲያትሩ አዘጋጅ አንድ፣ ለማታው አስተባባሪ አንድ ሰጠሁ። በቃ። ምንም ብልሃት የለውም። ዓመቱን ሙሉ የዕቃው ባቡር ቆሞ ሰው የጫነውን ያሳልፋል፤ ፈተና ሳምንት ላይ ግን መርሐ ግብሩ ተገልብጦ አዘጋጁ አስቀድሞ እያወቀ እኔ ከጥናት እቀራለሁ። ቁም ነገሩ «አስቀድሞ» የሚለው ላይ ነው። የተደበቀ መዘግየት አደጋ ነው፤ የተነገረ መዘግየት ግን መርሐ ግብር ነው። የፈራሁት ሳቅስ? ባንክ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ቲኬት ገዝተው መጡ፤ በመጀመሪያው ረድፍ ተቀመጡ፤ በማያስቅ ቦታ ሁሉ ሳቁ። (ሳቅ)

አንድ ምሽት ላሳያችሁ። በሁለተኛው ገቢር ላይ ለ20 ደቂቃ ያህል መድረክ ላይ አልታይም። ከመጋረጃው ጀርባ በአንድ ሣጥን ላይ ተቀምጫለሁ፤ የአሮጊት ልብስ ለብሻለሁ፤ ፊቴ ላይ በእርሳስ የተሳለ መጨማደድ አለ፤ ጭኔ ላይ የትራያል ባላንስ ወረቀት አለ። ለማታውቁት፣ በአንድ ወገን ዴቢት፣ በሌላው ክሬዲት ትደምራላችሁ፤ ሁለቱ እኩል ካልመጡ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። የእኔ በ270 ብር ተለያየ። ደመርሁ፣ እንደገና ደመርሁ፤ 270! መድረክ ላይ ባልና ሚስት ይጣላሉ፤ እኔ 270 እፈልጋለሁ። ድንገት የማታው መምህር ያሉን ትዝ አለኝ፤ «ልዩነቱ ለ9 ከተካፈለ አኃዝ አቀያይራችሁ ይሆናል።» 270 ለ9 ይካፈላል፤ 30 ይመጣል። በጣቴ ወረድሁ፣ ወጣሁ፤ 630 የሚለውን 360 ብዬ ገልብጨዋለሁ! በደስታ «አገኘሁት!» አልሁ። በሹክሹክታ መስሎኝ ነበር። መድረክ ላይ ያለችው ሚስት ለአንድ አፍታ ዝም አለች፤ ባሏ ግን ብልህ ተዋናይ ነበርና፣ «ጎረቤቶቻችን እንኳ ሰላም የላቸውም» ብሎ ከጨዋታው ጋር አገጣጠመው። በማግሥቱ የቤት ሥራዬን ያስረከብሁት የአውራ ጣቴ የኩል አሻራ 360 ላይ ታትሞበት ነው።

ወደ ነጥቤ ልመለስ። ወይዘሮ፣ ልጅዎ ሁለቱን ልያዝ ስትል የመጀመሪያው ጥያቄ «ትችያለሽ?» አይደለም። «ከሁለቱ የትኛው ቆሞ ይጠብቃል?» ብለው ይጠይቋት። ቲያትርና አካውንቲንግ፣ ቲያትርና ቋንቋ፣ ሙዚቃና ታሪክ፣ ሙዚቃና ኢኮኖሚክስ ይሆናሉ፤ አንዱ ዕቃ ጫኝ ነውና ይቆማል። ሕክምናና ሙዚቃ አንድ ላይ በዲግሪ ልያዝ የምትል ልጅ ካለች ግን፣ ልቧን መስበር ባልፈልግም፣ አይሆንም እላታለሁ። በሽተኛ ጠብቀኝ አይባልም፤ የኦርኬስትራ ጥናትም ጠብቀኝ አይባልም። ሁለቱም ሰው የጫኑ ባቡሮች ናቸው፣ ሐዲዱ አንድ፣ አካልሽም አንድ። ላቦራቶሪ የሚበዛበት ሁሉ እንዲሁ ነው። ሙዚቃውን አትተይው፤ ዲግሪውን ግን በተራ አድርጊው።

በተራ ማድረግ ውርደት መሰላችሁ? ጸጋዬ ገብረ መድኅን መጀመሪያ ሕግ ነው የተማረው፤ ቲያትርን ለንደንና ፓሪስ ያጠናው ከዚያ በኋላ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ኢንጂነሪንግ እንዲማር ነበር፤ ለንደን ላይ ሙዚቃ ገባ፣ ከዚያ ቦስተን በርክሊ። መንግሥቱ ለማም ለንደን ላይ የተማረው ማኅበራዊ ሳይንስ ነበር፤ አገሩ ተመልሶ ተውኔት ጻፈ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቲያትር ተማሪዎችን አስተማረ። ከሦስቱ አንዱም ሁለቱን በአንድ ሴሚስተር አላስኬደም። የመጀመሪያው ትምህርት ባከነባቸው የሚል ግን አልሰማሁም።

በሌላ አገር በአንድነት የሚያስተምሩም አሉ፤ የሚገርመኝ የእነርሱ አቆጣጠር ነው። በአሜሪካ ኦበርሊን የሚባል ኮሌጅ አለ፤ በአንድ ግቢ የሙዚቃ ኮንሰርቫቶሪም መደበኛ ኮሌጅም አለው። ሁለቱንም የሚይዝ ተማሪ ሁለት ዲግሪ ይዞ የሚወጣው በአምስት ዓመት ነው። ባርድ የሚባለው ኮሌጅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ኮንሰርቫቶሪ ሲከፍት ነገሩን ጭራሽ ግዴታ አደረገው፤ ቫዮሊን ልማር ብሎ የገባ የዲግሪ ተማሪ ሌላ የአካዳሚክ ትምህርትም መርጦ ይማራል። ያም አምስት ዓመት ነው። አስተውላችሁታል? ከእኛ የተሻለ ገንዘብ፣ የተሻለ መሣሪያ፣ ሁለቱም በአንድ ግቢ፤ ታክሲ የለም፣ ወረፋ የለም። እንዲያም ሆኖ በአራት ዓመት እንጠቅጥቀው አላሉም፤ ዓመት ጨመሩ። ጣቢያ ሠሩ ማለት ነው። እኛ ደግሞ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን በሁለት ታክሲ መሃል ከተማ ደርሰን፣ ባዶ ሆዳችንን ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ተምረን፣ በአራት ዓመት እንጨርስ እንላለን። የእኔ ቲያትር በ1996 አለቀ፤ አካውንቲንጉ በ1998። ሁለተኛውን የያዝሁት ደቻቱ ሞልቶ ከተማችን ባለቀሰችበት ክረምት ነው። ያን ጊዜ ስለ ምረቃ ያሰበ አልነበረም፤ ፎቶም የለኝም።

አባቶች፣ አሁን ለእናንተ አንድ ነገር ልበል፤ አትቀየሙኝ። «አካውንቲንጉ ለክፉ ቀን ይሁንሽ» አትበሏት። አባቴም እንዲህ ብሎኝ ነበር። ለክፉ ቀን ተብሎ የተያዘ ትምህርት የክፉ ቀን ፊት ነው የሚኖረው። ልጅቷ መጽሐፉን በከፈተች ቁጥር «ቲያትሩ ሲከሽፍብሽ» የሚል ድምፅ ይሰማታል፤ እንዲህ እያነበበ ማን ጥሩ ውጤት ያመጣል? እኔ አካውንቲንግን የወደድሁት ያን ምሽት ከመጋረጃ ጀርባ 270ውን ሳገኝ ነው። ክፉ ቀን አልነበረም፤ እንዲያውም ደግ ምሽት ነበር።

ሦስተኛው። ምን ይጠቅማል?

ሰዓቱ እየሄደ ስለሆነ አንድ ታሪክ ብቻ። ዛሬ የምተዳደረው በኦዲተርነት ነው፤ ቲያትር ደግሞ አዘጋጃለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መጋዘን ቆጠራ ሄድሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። መዝገቡ ላይ ያለው ጆንያና ወለሉ ላይ ያለው ጆንያ አልተስማሙም። የመጋዘኑ ኃላፊ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሻይ አስመጡልኝ፤ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። አብሮኝ የነበረው ወጣት ኦዲተር፣ «የት ሄደ? ማን ወሰደው?» እያለ ጥያቄ ሊያዥጎደጉድ ሲል በእግሬ ነካሁት። ከዚያ ዝም አልሁ። መድረክ ላይ ዝምታ ይማራሉ፤ ዝም ያለ ሰው ፊት ሌላው ሰው ቦታውን መሙላት ይፈልጋል። እስከ ስድስት፣ እስከ ሰባት በልቤ ቆጠርሁ። ሰውየው ብርጭቆውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት፤ አነሡት፤ እንደገና አስቀመጡት። «ያኛውን ክፍል አላያችሁትም አይደል?» አሉ። ከኋላ ሌላ ክፍል ነበር! ጆንያው በሙሉ እዚያ ነው፤ የቁልፉ ነገር አሳፍሯቸው ኖሯል፤ ቁልፉ ጠፍቶባቸዋል። ሌባ አልነበሩም። ወጣቱ እንደጀመረው ቢጮኽባቸው ኖሮ ግን ሌባ ሆነው ይጻፉ ነበር።

በቲያትሩ በኩል ያለውን ጥቅም ባለሙያዎቹ ያውቁታል፤ ገቢና ወጪ የሚያነብ አዘጋጅ ሲገኝ ተዋንያን ይከፈላቸዋል። ይህን ያህል ይበቃል።

እንግዲህ ልጨርስ። አባቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ሥራዬን ያየው። በ1996 የመመረቂያ ቲያትሬን ሊያይ በባቡር መጣ። ኮቱን ለብሶ፣ ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ። መብራት ሲጠፋ እርሱን ብቻ ነበር በመጋረጃው ቀዳዳ የማየው። አልሳቀም፣ አላጨበጨበም። ሲያልቅ ከኋላ በኩል መጣ፤ ፊቴ ላይ ገና ቀለም አለ። «እንዴት ነው፣ አባባ?» አልሁት። የባቡር ሠራተኛ ሰዓቱን ከኪሱ አወጣና አየ።

«በ7 ደቂቃ ዘግይታችሁ ነው የተነሣችሁት» አለኝ። «ግን በሰዓቱ ገብታችኋል።»

ይኸው እኔም ከተሰጠኝ ሰዓት 4 ደቂቃ አልፌአለሁ። ያች ከኋላ ግድግዳ ተደግፋ ከመጀመሪያው ጀምሮ እጇን ያወጣች ልጅ አለች፤ እናቷ በር ላይ ያገኙኝ ሴት ይመስሉኛል። ማይክሮፎኑን ለእርሷ ስጡልኝ።